አምስት ክፍል በረሃ

አዳማ፣ ኅዳር 6 ቀን 1922 ዓ.ም.

ልጄ ወዬሳ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ልትረዳው የሚገባህ ነገር ይህ ነው፤ በዚህ ሥዕል ውስጥ ሰው አይኖርም። መልአክ አይኖርም፣ ፈረስ አይኖርም፣ ወፍ እንኳ አትኖርም። አሠሪው እስላም ናቸው፤ በቤታቸው ግድግዳ ላይ ነፍስ ያለው ነገር እንዲሣል አይፈቅዱም። የሚፈልጉት በረሃ ነው፤ መሬት፣ ድንጋይ፣ ተራራና ሰማይ ብቻ። ይህን ካልተቀበልህ የቀረውን አታንብብ። ደብዳቤውን አጥፈህ መልስልኝ፤ አልቀየምህም።

ማንበብህን ከቀጠልህ እንግዲህ እንደምን ሰነበትህ? ሰላምታውን ወደ ኋላ ያስቀረሁት ንቄህ አይደለም። በሰላምታ የተጀመረ ደብዳቤ ሲደርስህ ግማሹን ሳታነብ ሮጠህ ሥራ እንደምትጀምር ካስተማርሁህ ጊዜ ጀምሮ ስለማውቅ ነው። እኔ ማስተማሩን ከተውሁ ወዲህ ጤናዬ ተመልሷል። ባለቤቴ አሰለፈችም ደኅና ናት፤ «ያ ከጣቱ ከሰል የማይጠፋው ልጅ» እያለች ታነሣሃለች።

ጉዳዩን በተራ ላስረዳህ። ሐጂ ሳሊህ የቆዳ ነጋዴ ናቸው። በባቡር ጣቢያው አጠገብ በአዳማ ተሠርቶ የማያውቅ ትልቅ ቤት ሠርተዋል፤ አዳራሹ ውስጥ ሰው ሲያስል ድምፁ ዞሮ ይመለስለታል። እናታቸው እመት ፋዲላ ግን ቤቱ ካለቀ ጀምሮ ደጃፉን አልረገጡም። በግቢው ጥግ የሰሌን ጎጆ አስተክለው እዚያ ይተኛሉ። ልጃቸው ለመኑ፣ ሽማግሌ ላኩ፤ ከሽማግሌዎቹም አንዱ እኔ ነበርሁ። መልሳቸው አንድ ነው፦ «ጠዋት ከየት እንደሚመጣ በማላውቅበት ቤት ውስጥ አልተኛም።» የተወለዱት ከፈንታሌ ተራራ ማዶ፣ ከግመል ነጂዎች ዘንድ ነው። ልጅነታቸውን ያሳለፉት ግድግዳ በሌለበት አገር ነው።

ሐጂ ሳሊህም እናቱ ደጅ እያደረች ልጅ አልጋ ላይ አይተኛም ብለው መጋዘን ውስጥ፣ በቆዳው መካከል ያድራሉ። እስከ ረመዳን ፍች ድረስ እናታቸው ካልገቡ ቤቱን እንደሚሸጡት በሰው ፊት ተናግረዋል፤ በሰው ፊት የተናገሩትን የማያደርጉ ሰው አይደሉም። «እንግዲያው በረሃውን ወደ ቤቱ እናምጣላቸው» ብዬ የመከርሁ እኔ ነኝ። ሠዓሊ አውቃለሁ ያልሁም እኔ ነኝ።

ግድግዳው ከመግቢያው በር ትይዩ ያለው ትልቁ ነው። በስተጀርባው መጋዘኑ ስለተደገፈበት መስኮት የለውም። አራት የጥድ ምሰሶዎች ከአምስት ቦታ ስለሚከፍሉት ሥዕሉም አምስት ክፍል ይሁን፤ እያንዳንዱ ክፍል በወርዱ አምስት ክንድ፣ በቁመቱ አራት ክንድ። ክንዱ የእኔ ክንድ ነው፤ ልኩን በገመድ ቋጥሬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ።

የሚሣለው ከመተሃራ ጣቢያ ቆሞ ፈንታሌን የሚመለከት ሰው የሚያየው ነው። አንደኛው ክፍል በግራ የቦሰት ተራራ፤ ሁለተኛው ቀልጦ የረጋው ጥቁር ድንጋይና ትንሿ የበሰቃ ውኃ፤ ሦስተኛው፣ መካከሉ፣ ፈንታሌ ራሱ፤ አራተኛው ግራር የበቀለበት ሜዳ፤ አምስተኛው በቀኝ የአዋሽ ሸለቆ፣ ከበስተኋላውም አሰቦት። ጊዜው ጠዋት ይሁን። ፀሐይዋን ከአምስተኛው ክፍል አውጣት።

የረሳሁት ነገር ያለ አይመስለኝም። ትችል እንደሆነ ጻፍልኝ።

መምህርህ ሰንበታ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 19 ቀን 1922 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ ለመምህር ሰንበታ፤

እንደምን ሰነበቱ? እትዬ አሰለፈችስ እንደምን ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ያ በደጃችሁ ያለው ሾላ አሁንም በጣሪያው ላይ ያፈራል? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። ደብዳቤዎን እስከ መጨረሻው አነበብኩ፤ ከዚያ እንደገና አነበብኩት። እችላለሁ። መልሴ ይህ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ፍርሃቴ ነው።

እኔ የተማርኩት ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ኃጢአተኛውን በአንድ ዓይን መሣል ነው። ተራራ ስንት ዓይን እንዳለው አላውቅም። ሥዕል ስጀምር መጀመሪያ የማስቀምጠው ፊት ነው፤ ልብሱም ዙፋኑም ከፊቱ በኋላ ይመጣል። አሁን አቡጀዲውን ወጥሬ ፊት ለፊቱ ስቆም የት እንደምጀምር ይጠፋኛል። በረሃውንም አላውቀውም። የአዳማ ልጅ ብሆንም ከወለንጪቲ አልፌ አላውቅም።

በአንድ የባቡር ሠራተኛ አፍ ለላኩብኝ ጥያቄ፣ በቤታቸው እያደርኩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የምሠራላቸው አለቃዬ ደኅና ናቸው። ስለ ሥዕሉ ስነግራቸው ብዙ አልተናገሩም። «ሰው የሌለበት ሥዕል ግድግዳ ነው፤ ግድግዳ ደግሞ የግንበኛ ሥራ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ የተባባልነውን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ትንሽ ሙከራ ሠርቼ ልኬያለሁ። ለሐጂ ሳሊህ ያሳዩልኝ። እባክዎ እመት ፋዲላ ስለ ሥዕሉ ሰምተው እንደሆነ፣ ሰምተውም ምን እንዳሉ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ወዬሳ


አዳማ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1922 ዓ.ም.

ልጄ ወዬሳ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ሙከራህ ደርሶኛል። የእጅ ጽሕፈትህ እንደተሻሻለ አይቼ ደስ ብሎኛል። ሥዕሉ ግን ከጽሕፈቱ ጋር አልተራመደም።

ፈንታሌ እንዲህ ሹል አይደለም፤ እንደ ተደፋ ድስት ሰፊ ነው፣ አናቱም ተሰብሯል። ግራርህ ወይራ መስሏል። መሬቱን የቀባኸው ቢጫ የቤተ ክርስቲያን ቢጫ ነው፤ እርሱ ላይ የቆመ ሰው ይጸድቃል እንጂ አይጠማውም።

በደመናው ጥግ ያለውንም ፊት አይቼዋለሁ። ደመና ነው ብለህ አትከራከረኝ፤ ሁለት ዓይን አለው። ሐጂ ሳሊህም አዩት። ወደ ብርሃን አቅርበው «መምህር፣ ይህ ሰውዬ ማነው?» አሉኝ። የወዬሳ እጅ ልማድ ነው አልኋቸው። ሳቁ። እርሳቸው ሳቁ እንጂ እኔን አላሳቀኝም።

ነገር ግን ጥፋቱ ከአንተ ይልቅ የእኔ ነው። አገርን በቃል አስጠንቼ ማሳየት የምችል መስሎኝ ነበር፤ አልቻልሁም። ሐጂ ሳሊህ የሦስተኛ ማዕረግ የባቡር ቲኬት ቆርጠውልሃል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታገኘዋለህ። መተሃራ ውረድ። የጣቢያው ዘበኛ ነገሪ ማደሪያ ይሰጥሃል። ቀለም አትያዝ። እስኪበቃህ ድረስ ተመልከት፤ ከዚያም አንድ ቀን ጨምረህ ተመልከት።

ስታልፍ አዳማ ላይ ትወርዳለህ። አሰለፈች ከአሁኑ ለዳቦ የሚሆን እህል አስለቅማለች።

ለጠየቅኸኝ፣ እመት ፋዲላ ደኅና ናቸው። ስለ ሥዕሉ ሰምተዋል። ምን እንዳሉ ግን ለሥራህ ስለማይጠቅምህ አልጽፍልህም።

መምህርህ ሰንበታ


መተሃራ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1922 ዓ.ም.

መምህሬ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቁት የሚገባው፣ በረሃው ቢጫ አይደለም።

ሰላምታውን እንደ እርስዎ ወደ ኋላ አስቀረሁት፤ ካልነገርኩዎት እጄ አልታዘዝ አለኝ። ጠዋት ሐምራዊ ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል አመድ ይሆናል። እኩለ ቀን ላይ ቀለም የሚባል ነገር ከምድር ይጠፋል፤ ተራራው ራሱ ቀጥኖ በስተኋላው ያለው ሰማይ የሚታይበት ይመስላል። ሲመሽ ደግሞ ጥቁሩ ድንጋይ ጠርዝ ጠርዙ ይቀላል፣ ገና አልበረድኩም እንደሚል። በዚያ ድንጋይ ላይ ስሄድ ጫማዬ ተቀደደ። ነገሪ ስቆ «ትናንት የፈሰሰ ይመስላል፣ አይደል? አያቴም እንደዚሁ ይል ነበር» አለኝ።

ይህ ነገሪ የመጀመሪያው ቀን ከጣቢያው ጥግ ቆሜ ስመለከት አይቶኝ መጣ። «አካም ጂርታ» ብሎ ሰላም አለኝ፤ ቀጥሎ «ምን ጠፋህ?» አለ።

«ምንም አልጠፋኝም።»

«ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?»

«ማየት ነው።»

በጣቢያው ወደነበሩት ሰዎች ዞሮ «ምንም ያልጠፋው ሰው ነው፤ ግን ይፈልጋል» አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጣቢያው ስሜ «ምን ጠፋህ» ሆኗል። ሻይ የሚያፈላው ሰውዬ እንኳ «ምን ጠፋህ፣ ስኳር ልጨምርልህ?» ይለኛል።

መምህሬ፣ የጠፋኝን ግን አገኘሁት። ሰው የሌለበት ሥዕል ባዶ ይሆናል ብዬ እፈራ ነበር። እዚህ በጠዋት ብርሃኑ ከአዋሽ ይነሣል፤ ሜዳውን ያቋርጣል፣ የፈንታሌን ጎን ይወጣል፣ በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ይሰናከላል፣ በመጨረሻ ቦሰት ደርሶ ያርፋል። እንደ መንገደኛ ነው የሚሄደው። በአምስቱም ክፍል ውስጥ የሚሄድ አንድ ሰው አለኝ ማለት ነው፤ ነፍስ ግን የለውም። ሐጂ ሳሊህ ሊከለክሉኝ አይችሉም።

አዳማ ላይ ሳልወርድ ስላለፍኩ ይቅር ይበሉኝ። እትዬ አሰለፈች ዳቦ ይዘው ጣቢያ ድረስ እንደመጡ አይቻለሁ። ከመስኮቱ በታች አጎነበስኩ። ምክንያቱን አሁን አልጽፍም። እግራቸውን ስለ እኔ ይሳሙልኝ፤ እምቢ ካሉ ደግሞ ይንገሯቸውና ይቆጡኝ።

አሁን ሁለት ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ጊዜው ይራዘም ይሆን? ደግሞስ ብዙውን ቦታ ባዶ ብተወው ሐጂ ሳሊህ ሰነፈ ይሉኛል?

ልጅዎ ወዬሳ


አዳማ፣ ጥር 4 ቀን 1922 ዓ.ም.

ልጄ ወዬሳ፤

እንኳን ለልደቱ አደረሰህ። ምክንያቱን ሳትጽፈው አውቄዋለሁ። አለቃህ ከሥራ ቤታቸው አስወጥተውሃል። «ወይ ባዶውን ተው፣ ወይ ቤቴን ተው» እንዳሉህ ከዚያ የመጣ ደብተራ ነገረኝ። በእኔ ምክር ማደሪያህን ስላጣህ እንዳላዝን ብለህ ከባቡር መስኮት በታች አጎነበስህ። አሰለፈች ግን አይታሃለች። «አናቱን አየሁት፤ ተላጭቷል» አለች። ዳቦውን ለነገሪ የላከችውም እርሷ ናት፤ ዘበኛው የሰጠህ መስሎህ የበላኸው እርሱን ነው።

አለቃህን አትቀየማቸው። ሰው የተማረውን ሲጠብቅ ክፉ አይደለም። አሁን የት እንደምትሠራ ግን ጻፍልኝ።

ለጠየቅኸኝ ልመልስ። ጊዜው አልተራዘመም። እንዲያውም ባለፈው ሳምንት አንድ ግሪካዊ መጥቶ አዳራሹን ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ለካው፤ ሆቴል ሊያደርገው ያስባል። ሐጂ ሳሊህ ሻይ አጠጥተው ሸኙት፤ እሺም እምቢም አላሉትም። ስለ ባዶው ቦታ፣ ተወው። እኔ በሰሌዳ ላይ ስጽፍ ልጆቹ የሚያነብቡት የጻፍሁትን ነበር፤ ማንበብ ያስቻላቸው ግን ያልጻፍሁበት ነው።

ይህን ደብዳቤ ስጽፍ እመት ፋዲላ ከጎጇቸው ወጥተው በደጃቸው ቁጭ ብለዋል፤ ከመስኮቴ ይታዩኛል። ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተዋል። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።

በርታ።

መምህርህ ሰንበታ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 2 ቀን 1922 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ፤

እንደምን ሰነበቱ? አለቀ። እጄ አሁንም የያዘውን ብሩሽ ማስቀመጥ አልፈለገም፤ በግራዬ ነው ያላቀቅኩት።

የት እንደምሠራ ለጠየቁኝ፣ ሸማኔው መርዳሳ የሸማ መሥሪያ ክፍሉን ለቀቀልኝ፤ እርሱ ደጅ ተቀምጦ ይሠራል። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ አንዱን ስሥል የቀሩትን ከደጅ አስደግፌ እሸፍናቸዋለሁ። ስለዚህ መምህሬ፣ አምስቱን በአንድነት አይቻቸው አላውቅም። መጀመሪያ የሚያዩት እርስዎ ነዎት። የመርዳሳ ሚስት ወደ ክፍሉ በገባች ቁጥር ውኃ ትጠጣለች። «ይህ ሥራህ እንስራዬን ጨረሰው» ብላ ትናንት ተጣላችኝ። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

ፊት የለም። ወፍ የለም። ደመናም የለም፤ ራሴን ስለማላምነው ሰማዩን ሙሉ በሙሉ ጠርጌዋለሁ።

አምስቱንም በጆንያ ጠቅልዬ በዕቃ ባቡር ልኬያለሁ። በእያንዳንዱ ጀርባ ከ፩ እስከ ፭ ቁጥር ጽፌያለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ እርስዎ ሳይኖሩ እንዳይሰቀል። መንገደኛዬ ከአምስት ተነሥቶ ወደ አንድ ነው የሚሄደው። ተራው ከተበላሸ መንገዱ ይጠፋበታል።

እኔ መምጣት አልቻልኩም፤ የመርዳሳ ክፍል ባለዕዳ ስላደረገኝ ለልጁ ሠርግ ሳንዱቁን እየቀባሁለት ነው። ሐጂ ሳሊህ ያሉትን፣ ከሁሉ ይልቅ እመት ፋዲላ ያሉትን፣ እባክዎ አሁን እንኳ አይደብቁኝ።

ልጅዎ ወዬሳ


አዳማ፣ የካቲት 12 ቀን 1922 ዓ.ም.

ልጄ ወዬሳ፤

መጀመሪያ ይህን ተረዳ፤ ሥዕሉ አልተጎዳም። ቀለሙ አልተፋቀም፣ አቡጀዲው አልተቀደደም። ተራው ግን ተዛውሮ ተሰቅሏል።

እኔ ለቅሶ ሞጆ ሄጄ ነበር። ሥዕሉ በዚያው ቀን ደረሰ። የሐጂ ሳሊህ ቤት ኃላፊ አብዱልመናን ሰው ላስደስት ብሎ ሠራተኞቹን ጠርቶ ሰቀለው። አብዱልመናን ቸልተኛ ሰው አይደለም። ለብዙ ዘመን ለልጆች ቁርአን ያስቀራ፣ የራሱን ሥራ ሁለት ጊዜ የሚመረምር ሰው ነው። ቁጥርህንም በትክክል አንብቧል። ገብቼ ሳይ ቦሰት በቀኝ፣ አዋሽ በግራ። ፀሐይዋ በግራ በኩል ወጥታለች።

«አንድ ቁጥር የት ነው ያለው?» አልሁት።

«በቀኝ ነዋ።»

«ለምን በቀኝ?»

«መምህር፣ ይህን ያህል ዘመን አስተምረው ነገር ከየት እንደሚጀመር እኔን ይጠይቁኛል?»

ዕድሜውን ሙሉ ከቀኝ ወደ ግራ ያነበበ ሰው ነው። አንደኛ ሲባል እጁ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ የእኔ ወደ ግራ እንደሚሄድ። በየክፍሉ መካከል ምሰሶ ስላለ የሚጋጠም መሥመር የለም፤ ስለዚህ ስህተቱን የሚነግረው ነገር አልነበረም። ሁለታችንም ድምፃችንን ከፍ አድርገን ተከራከርን፤ ምሰሶዎቹም ተቀብለው አስተጋቡልን። በመጨረሻ ሐጂ ሳሊህ በፍችው ዋዜማ ወርዶ በእኔ ተራ እንደሚሰቀል ቃል ሰጡኝ። ሠራተኞቹ ጾመኞች ስለሆኑ ከዚያ አንድ ቀን በቀር ዳግመኛ መሰላል ላይ አላወጣቸውም አሉ። ክፍሎቹ የታሰሩት በገመድ ነው፤ ሚስማር አልተመታባቸውም።

አሁን ደብቄህ የነበረውን ልንገርህ። እመት ፋዲላ በታኅሣሥ ስለ ሥዕሉ ሲነገራቸው ስቀው ነበር። «ልጄ ጨርቅ ላይ በረሃ ሊያሳየኝ ነው? እኔም ወረቀት ላይ ውኃ ሥዬ አጠጣዋለሁ» ነው ያሉት። ሊያዩትም አልመጡም። ከተሰቀለ ወዲህ በጎጇቸው ደጅ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲጎርፍ ያያሉ፤ እርሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ቤቱ አላዞሩም። የቀረን ጊዜ ጥቂት ነው። ግሪካዊውም ትናንት እንደገና መጥቷል።

ሥራው የአንተ ነውና ያለ አንተ ቃል አላስነካውም። ይውረድ ወይስ ይቆይ?

መምህርህ ሰንበታ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 15 ቀን 1922 ዓ.ም.

መምህሬ፤

ይውረድ። እባክዎ ይውረድ።

ተራው ተዛወረ ማለት ፀሐይዋን ከምዕራብ አወጣናት ማለት ነው። እዚህ ያሉትን እስላም ጎረቤቶቼን ጠየቅኳቸው፤ ፀሐይ ከምዕራብ የወጣች ዕለት የዓለም ፍጻሜ ነው አሉኝ። አብዱልመናን ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቃል። እኔ ለእናት የሚሆን ጠዋት ነው የሣልኩት፤ በቤታቸው ግድግዳ ላይ የምጽአትን ቀን አልሰቅልም።

ስለ ሳቁ ግን አልተከፋሁም። ወረቀት ላይ ውኃ ስለ መሣል የተናገሩት እውነት ነው። ቢሆንም ይዩት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በትክክል ተሰቅሎ ይዩት።

ወዬሳ


አዳማ፣ የካቲት 24 ቀን 1922 ዓ.ም.

ልጄ ወዬሳ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ልትረዳው የሚገባህ፣ ግድግዳው የቤቱ የደቡብ ግድግዳ መሆኑን ነው።

ይህን ነገር ሳትቸኩል እንድታነብብ እለምንሃለሁ፤ እኔ ግን ቸኩያለሁ፣ ጽሕፈቴንም ይቅር በል። ርዝመቱን ጻፍሁልህ፣ ቁመቱን ጻፍሁልህ፣ የክንዴን ልክ በገመድ ቋጥሬ ላክሁልህ። ግድግዳው በየት በኩል እንዳለ ግን አንድ ቃል አልነገርሁህም። ይህ እንዴት እንደተገለጠልኝ በተራ ልንገርህ።

በፍችው ዋዜማ ደብዳቤህን በእጄ ይዤ ሄድሁ። ሠራተኞቹ መሰላል አቁመው በቀኝ ጫፍ ያለውን ቦሰትን ፈትተው አወረዱት። አብዱልመናን አጠገቤ ቆሞ ሥራው እንደተበደለ አናጢ ያጉረመርማል። በአዳማ እኛ ሁዳዴ ይዘናል፣ እነርሱ ረመዳን ላይ ናቸው፤ በከተማው የሚበላ ሰው ጠፍቶ ሁሉም ተቆጪ ሆኗል። እኔም ሳልጮህ አልቀረሁም። ድንገት ሠራተኞቹ ወደ በሩ ዞሩ።

እመት ፋዲላ ከደጃፉ ቆመው ነበር። ጾመኛ የሚያስጮኸው ማነው ብለው ሊገሥጹ ነው የመጡት። የሚጮኸው እኔ መሆኔን ባዩ ጊዜ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን በራሴ ላይ አሻግረው ተመለከቱና ተዉት። ደጃፉን አልተሻገሩም። እጃቸውን መቃኑ ላይ አድርገው ቆሙ። ከዚያ ወለሉ ላይ ወዳለው ቦሰት እያመለከቱ «ያን ወደ ቦታው መልሱት» አሉ።

ሐጂ ሳሊህ በቀስታ «እማዬ፣ መምህር ተራው ተሳስቷል ይላሉ» አሏቸው።

«መምህር ከየት ቆመው ነው ያዩት?»

«ከመተሃራ» አልሁ።

«እኔ ከማዶ ነኝ» አሉ። «ከእኛ ደጅ ስወጣ አሰቦት በግራዬ ነው፤ ቦሰት በቀኜ። ጠዋት የሚመጣው ከዚህ ነው።» ግራ እጃቸውን ዘረጉ።

እጃቸው የተዘረጋበትን አየሁ። በሥዕልህ ውስጥ ፀሐይ የምትወጣበት ክፍል ነው። ከዚያ ክፍል በስተግራም፣ ከቤቱ ውጭ፣ እውነተኛው ምሥራቅ ነው። ወዬሳ፣ ደብዳቤህን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት። ከመተሃራ ፈንታሌን የሚያይ ሰው ፊቱ ወደ ሰሜን ነው፤ ምሥራቅ በቀኙ ይሆናል። ወደዚህ አዳራሽ የሚገባ ሰው ግን ፊቱ ወደ ደቡብ ነው፤ ምሥራቅ በግራው ነው። በእኔ ተራ ብንሰቅለው ኖሮ ፀሐይን ከምዕራብ የምናወጣት እኔና አንተ ነበርን። አብዱልመናን በራሱ ልማድ ከቀኝ ጀምሮ ምጽአትን ከሐጂ ሳሊህ ቤት መለሰ። ይህን ስነግረው እንኳ አልሳቀብኝም። «እንግዲህ መምህር፣ ነገር ከየት እንደሚጀመር ተግባባን» ብቻ አለኝ።

ቦሰት ወደ ቦታው ሲመለስ እመት ፋዲላ ጫማቸውን አወለቁ። ገቡ። ሐጂ ሳሊህ ፊታቸውን ወደ ምሰሶው አዞሩ፤ እኔም እንዳላየሁ ሆንሁ። እመት ፋዲላ ከጥቁሩ ድንጋይ ፊት ብዙ ቆዩ፤ የሠዓሊውን ጫማ ቀዶት እንደሆነ ጠየቁኝ። ቀዶታል አልኋቸው። ደስ አላቸው። ከበሰቃ ሲደርሱ ግን ቆም ብለው «ከእኛ ዘንድ ይህ ውኃ አይታይም፤ ተራራው ይጋርደዋል» አሉ። ላስተካክለው ስል እጃቸውን አነሡ። «ይተውት። እኔ ወረቀት ላይ ውኃ እሥላለሁ ብዬ አፌዝሁ፤ ልጁ ግን እውነትም አጠጣኝ።»

በፍችው ማታ ሰሌናቸውን ራሳቸው ጠቅልለው አስገቡ፤ ከፈንታሌ ሥር አነጠፉት። ሐጂ ሳሊህ ከመጋዘኑ ወጥተው አልጋቸው ላይ ተኙ። ዛሬ ግሪካዊው መጣ፤ ሻይ ጠጣ፣ ከበሰቃ ፊት ቆሞ ሌላ ብርጭቆ ለመነና ሄደ።

እንግዲህ ከአንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። ክፍሎቹ አሁንም የታሰሩት በገመድ ነው። «ይውረድ» ብለህ ጽፈሃልና ቃልህን እስክትለውጥ ድረስ ሚስማር እንዳይመታ ከልክያለሁ። አናጢው መዶሻውን ይዞ ይዞረኛል።

ሁለተኛው ይበልጣል። ዛሬ ጠዋት ልጠይቃቸው ስሄድ እመት ፋዲላ ከሰሌናቸው ላይ ተቀምጠው በሩን ያዩ ነበር። «ፊቴ ተከፍቷል፤ በሩ ሲዘጋ ግን ጀርባዬ ይዘጋል» አሉኝ። በበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ክፍል የሚሆን ግድግዳ አለ። የሰሜን ግድግዳ ነው፤ የሚያየው ሰው ፊቱ ወደ ሰሜን ነው፣ ምሥራቅ በቀኙ ነው። ይህን አሁን ሦስት ጊዜ አረጋግጫለሁ፤ አብዱልመናንም ፈርሞበታል። በልጅነታቸው ከደጃቸው ቆመው ፈንታሌን ሲያዩ ከኋላቸው ምን እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«ምንም» አሉ።

«ተራራ?»

«የለም።»

«ዛፍ?»

«መምህር፣ ምንም አልሁዎት። ሜዳ ነው፤ ሰማይ እስኪደርስ። እርሱን ይሣልልኝ።» ቦታውን ራሳቸው ሊያሳዩህ እስከ መተሃራ በባቡር አብረውህ ይሄዳሉ፤ አዳማ ላይ ከወረድህ ብቻ። አሰለፈችም ከዚህ በኋላ ዳቦ ወደ ጣቢያ አልወስድም ብላለች።

ያለ ሰው መሣል ችለሃል። ያለ ተራራ፣ ያለ ዛፍ፣ ያለ ድንጋይስ፣ ምንም የሌለበትን መሣል ትችላለህ? አትፍራ ብዬ አልመክርህም፤ ፈርተህ በሣልኸው ነው እናት ቤቷ የገባችው። ብቻ በሚቀጥለው ባቡር መልስህን ላክልኝ፤ ሚስማሩ ይመታ፣ አንተም ና።

መምህርህ ሰንበታ